ዋግ፣ አረማሞና አቀንጭራ፦ ተክል እንዴት ይታመማል? በምንስ ይከላከላል?

በአያሃ፣ ሐርጌሳ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ከአያሃ ተነስቶ ሐርጌሳን አቋርጦ የገብሌይን መንገድ የያዘ ሰው፣ በዝናቡ ወራት ግራና ቀኝ የሚያጅበው ማሽላ ነው። ድንበሩን በቶግ ውጫሌ ተሻግሮ፣ ጅግጅጋን አልፎ ወደ ሐረርጌ ሲዘልቅም ማሽላው አይለየውም። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ይህን መንገድ በግልባጩ ተጉዛችሁ ነው እዚህ የደረሳችሁት። መካከላችን የገበሬ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያልሆነ ሰው ቢኖር ጥቂት ነው። ስለዚህ የዛሬው ርእስ ለእናንተ ባዳ አይደለም። ዋግ የመታው ስንዴ፣ አረማሞ የያዘው ማሽላ፣ አቀንጭራ የወረረው ማሳ ምን እንደሚመስል ከእኔ አትማሩም። እኔ የምጨምረው ዓይን የማያየውን ነው፤ ቅጠል ውስጥና አፈር ሥር፣ በአንዲት ሕዋስና በአንዲት ብናኝ መካከል ምን እንደሚካሄድ። ዓመቶቹን የምጠራው በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንስማማ። ከተክል መታመም ይልቅ የሚደንቀው አለመታመሙ ነው። አንድ የማሽላ ቅጠል ከበቀለ እስኪደርቅ የሚያርፍበት የፈንገስ ብናኝና የባክቴሪያ ዓይነት ስፍር ቁጥር የለውም። ከዚያ ሁሉ መካከል ሊያሳምሙት የሚችሉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የስንዴ ዋግ ባቄላ ላይ ቢዘንብ ባቄላው ምንም አይሆንም። የቡናን ፍሬ የሚያጠቁረው ፈንገስ ማሽላ ላይ ቢያርፍ ደርቆ ይቀራል። በሽታ የሚነሳው ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው፦ የተጋለጠ ተክል፣ ያንኑ ተክል ማጥቃት የሚያውቅ ተሕዋስ፣ ለተሕዋሱ የሚመች አየር። አንዱ ከጎደለ በሽታ የለም። ገበሬ አየሩን ማዘዝ፣ ተሕዋሱንም ከነፋስ ላይ መልቀም አይችልም። በእጁ ያለው የሚዘራው ዘር ነው። ንግግሬም ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው።

ከማሽላው እንጀምር፣ በቅርባችን ያለው እሱ ነውና። አረማሞ የገባበትን ማሽላ ከበቀለ ጀምሮ በየቀኑ ብታዩት ነውር አታገኙበትም። ቅጠሉ አረንጓዴ፣ አገዳው ደህና ነው። ራሱ ሲወጣ ግን ፍሬ መሆን በነበረበት ቦታ ላይ ሾጠጥ ያለ፣ ግራጫ ቆዳ ያለው ከረጢት ተሰክቶ ይታያል። ከረጢቱን በጥፍር ጫን ስትሉት የሚፈሰው ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ዱቄት ነው። ያ ዱቄት እያንዳንዱ ቅንጣት የፈንገስ ዘር፣ ስፖር የምንለው ነው።

ታዲያ መቼ ገባ? ገበሬው በሽታውን ያየው ራሱ ሲወጣ ነው፤ ማሽላው የተያዘው ግን ገና ከአፈር ብቅ ሳይል ነው። ስፖሩ በዘሩ ቆዳ ላይ ተለጥፎ ከዘሩ ጋር አብሮ ተዘርቷል። ዘሩ ሲያቆጠቁጥ እሱም አቆጠቆጠ፤ ለጋውን ቡቃያ ሰርስሮ ገባና የሚያድገው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ድምፁን አጥፍቶ አብሮ ያድጋል። አይገድለውም፣ ምክንያቱም ማሽላው ራስ እስኪያወጣለት ይፈልገዋል። ተክሉ ፍሬውን ለማብሰል የሚያጠራቅመውን ምግብ በሙሉ ፈንገሱ ለራሱ ዘር ያውለዋል። አዝመራው ደርሶ አውድማ ላይ ሲወቃ ከረጢቶቹ ይፈነዱና ብናኙ ጤነኛውን እህል ያለብሰዋል። ስለዚህ የዚህ በሽታ መተላለፊያ አውድማው ነው። የጎረቤት ማሳ ላይ ጣት መቀሰር አያስፈልግም። መድኃኒቱም ርካሽ ነው፦ የዘር ማሽላን ከመታጨዱ በፊት ከቆመው ማሳ ንጹሕ ንጹሑን መርጦ ለብቻው መውቃት፤ የሚገኝ ከሆነም ዘሩን በዘር መድኃኒት ማሸት።

ዋግና አረማሞ በመጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን የተጠሩ መቅሠፍቶች ናቸው። ሰው ለብዙ ሺህ ዓመታት ከሰማይ የሚወርዱ ይመስሉት ነበር። ቢያስብ አይፈረድበትም፤ እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንትም ቢሆኑ በበሰበሰ ቅጠል ላይ ፈንገስ ሲያዩ “ይህ የመበስበሱ ውጤት ነው” ይሉ ነበር። በ1845 የአየርላንድ ድንች በአንድ ወቅት ጠቁሮ በስብሶ በተከታዮቹ ዓመታት ወደ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ በረሃብና በረሃቡ ባመጣው በሽታ ሲያልቅ፣ ክርክሩ ገና አልተፈታም ነበር። ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ በ1861 ጤነኛ ድንች ላይ የተሕዋሱን ዘር አድርጎ ያው በሽታ ሲወጣ በማሳየት ዘጋው። ተሕዋሱ የበሽታው ምክንያት እንጂ ውጤት አይደለም። የተክል ሕክምና የሚባለው ሙያ የቆመው በዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ስንዴው ዋግ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። የግንድ ዋግ የሚባለው ሸክላ የመሰለ ቀይ ብናኝ ነው፤ በጣት ሲነካ ጣትን ያቀላል። አንዲት ብናኝ ስንዴ ላይ አርፋ ጤዛ ካላገኘች ትደርቃለች። ሌሊቱን ለጥቂት ሰዓታት እርጥበት ካገኘች ግን ክር የመሰለ ቡቃያ ታወጣለች። ክሩ ዓይን የለውም፤ የቅጠሉን ቆዳ ወጣ ገባ እየዳሰሰ፣ የቅጠሉን ጅማቶች አቋርጦ ይሄዳል። የሚፈልገው ተክሉ አየር የሚያስገባበትንና የሚያስወጣበትን ጥቃቅን ቀዳዳ ነው። ሲያገኘው ላዩ ላይ ተደፍቶ ያብጣል፤ ከእብጠቱ ሥር ቀጭን ሹል ነገር ወደ ውስጥ ይልካል። ውስጥ ገብቶ ከአንዲት ሕዋስ ጋር ሲገናኝ ግድግዳዋን ይበሳል፤ የውስጧን ስስ ሽፋን ግን አይቀድም። ሽፋኑ ወደ ውስጥ ይታጠፍለታል፣ እሱም እዚያ እጥፋት ውስጥ መምጠጫውን ይተክላል። ሕዋሷ አትሞትም፤ ስኳሯንና የፕሮቲን መሥሪያዋን እየለገሰች በሕይወት ትኖራለች። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ የአገዳው ቆዳ ይቀደድና በሺህ የሚቆጠር አዲስ ቀይ ብናኝ ይወጣል። የተቀደደው አገዳ ውኃውን ያባክናል፣ ይወድቃል፤ ፍሬውም ይኮማተራል። ጥሩ መስሎ የቆየ ማሳ ከአጨዳ በፊት ባሉ ጥቂት ሳምንታት እንዲህ ሆኖ ገለባ ብቻ ይሆናል።

ያ መምጠጫ መብያ ብቻ አይደለም። ፈንገሱ በእሱ በኩል ፕሮቲኖችን ወደ ተክሉ ሕዋስ ያስገባል፤ ሥራቸውም የተክሉን መከላከያ ማደናገርና ማፈን ነው። ባክቴሪያም እንዲሁ ያደርጋል፣ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ባክቴሪያ ቆዳ መብሳት አይችልም፤ የሚገባው በቀዳዳ ወይም በቁስል ነው። ከገባ በኋላ በመርፌ መሰል ቱቦ የማደናገሪያ ፕሮቲኖቹን ወደ ሕዋሱ ይረጫል። የደቡቡን ሕዝብ የእንሰት አጠውልግ በሽታ የምታውቁ ካላችሁ፣ እሱ የባክቴሪያ ሥራ ነው። ዳኛቸው ይርጉ ብራድበሪ ከተባለ ባልደረባቸው ጋር በ1968 መርምረው ለዓለም ያስታወቁት፣ ስሙም በሳይንሱ የተመዘገበው ያኔ ነው። የታመመው እንሰት ሲቆረጥ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል፤ ባክቴሪያው ውኃ የሚመላለስበትን ቧንቧ ስለሚደፍነው ቅጠሉ ውኃ ሳይጎድል በጥም ይጠወልጋል። ከታመመው ወደ ጤነኛው በዋናነት የሚያሻግረው ደግሞ የገዛ ቢላችን ነው። አንዱን ቆርጦ ሳይጠርጉ፣ በእሳት ሳያስነኩ ሌላውን መቁረጥ በሽታውን በእጅ መትከል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከእንሰት ወደ ሙዝ ያለፈው ይኸው ተሕዋስ በ2001 ኡጋንዳ ታየና የታላላቅ ሐይቆችን ሙዝ አመሰቃቀለ።

ቫይረስ ከእነዚህ ሁሉ ደካማ ነው፤ ብቻውን በር አይከፍትም። አብዛኛውን ጊዜ ተሸክሞ የሚያስገባው ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ ወይም ሌላ ነፍሳት ይሻል። ስለእሱ ይህን ያህል ይብቃን።

ወደ መከላከሉ ስንመጣ፣ ተክል መሮጥ አይችልም፤ እንደ እኛም በደም እየዞረ ጠላትን የሚያሳድድ ነጭ ሕዋስ የለውም። ፖሊስ የሌለበትን ከተማ አስቡ፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን በር ራሱ ይጠብቃል። የተክል ሕዋስ ሁሉ እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው አጥር ሰሙና ግድግዳው ነው። ውኃ በሰሙ ላይ ተንከባሎ ይወርዳል፣ ብናኝም እርጥበት ያጣል። በሰሙ ያለፈውን ግድግዳው ያስቸግረዋል፤ ብዙ ተክልም መራራና መርዛም ንጥረ ነገር አስቀድሞ አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። ሁለተኛው ማወቅ ነው። በሕዋሱ ቆዳ ላይ ወደ ውጭ የተደቀኑ መቀበያ ፕሮቲኖች አሉ። ባክቴሪያ የሚዋኝበት ጭራ የተሠራበትን ፕሮቲን፣ ወይም የፈንገስ ግድግዳ ስባሪ የሆነውን ካይቲን ሲነኩ “ይህ ከእኔ አይደለም” ይላሉ። ከዚያ የሚከተለው ፈጣን ነው። ካልሲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የመሰለ የሚያቃጥል ኬሚካል ይረጫል፤ ግድግዳው በተጠቃበት ቦታ ይደደራል፤ የቅጠሉ ቀዳዳም ይዘጋል። የመጨረሻውን ልብ በሉ። በ2006 ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ተክሉ ባክቴሪያ ሲያውቅ በአንድ ሰዓት ገደማ በሩን ይዘጋል፤ አንዳንድ ባክቴሪያ ደግሞ የተክሉን ሆርሞን የሚመስል መርዝ አመንጭቶ በሩን መልሶ ያስከፍታል። እንግዲህ ጦርነቱ እንዲህ ያለ ነው፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ያስከፍታል።

በዚህ ደረጃ የተሸነፈ ተክል ሌላ መከላከያ አለው። ሕዋሱ ውስጥ የተቀመጡ ሌሎች ፕሮቲኖች የጠላትን ማደናገሪያ ራሱን፣ ወይም እሱ ያበላሸውን ነገር ያውቃሉ። ሲያውቁም ፍርዱ ከባድ ነው፦ የተጠቃችው ሕዋስ ራሷን ትገድላለች። ለዋግ ይህ ሞት ነው፤ ዋግ የሚኖረው በሕይወት ባለ ሕዋስ ብቻ ነውና፣ የሞተች ሕዋስ ምንም አታበላውም። ስንዴው ቅጠል ላይ መርፌ የወጋው የመሰለ ትንሽ ነጭ ወይም ቢጫ ነጥብ ካያችሁ፣ ተክሉ ሳይታመም ያሸነፈበት ቦታ ነው። ገበሬ አይቶት “ታሟል” ሊል ይችላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው።

ወሬው ደግሞ ከዚያ ሕዋስ አልፎ ወደ ሌላው ቅጠል ይደርሳል። ከመልእክተኞቹ አንዱ ሳሊሲሊክ አሲድ ይባላል፤ የአስፕሪን ዘመድ ነው። በ1979 እንግሊዝ አገር ውስጥ የትምባሆ ቅጠል አስፕሪን ተወግቶ ቫይረስን በይበልጥ ሲቋቋም ታይቷል። ማሽላችሁ ላይ አስፕሪን እንዳትፈጩበት ብቻ አደራ፤ ለእናንተ ራስ ምታት አቆዩት።

አሁን የገበሬውን ዕጣ ወደሚወስነው ነጥብ ደርሰናል። ሃሮልድ ፍሎር የሚባል አሜሪካዊ በ1940ዎቹ በሰሜን ዳኮታ ተልባንና የተልባን ዋግ ሲያዳቅል ኖረ። ያገኘው ይህ ነው፦ በተልባው ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ የመከላከያ ዘረመል፣ በዋጉ ውስጥ ተጓዳኝ ዘረመል አለ። ተልባው የሚያውቀውን ያንን አንድ ነገር ዋጉ ከጣለ ወይም ከለወጠ፣ መከላከያው አላወቀውም ማለት ነው፤ አልሰማም፣ አላየም። ዋጉ በየወቅቱ ቢሊዮን ብናኝ ስለሚረጭ፣ ከቢሊዮኑ አንዷ መለወጧ ደግሞ ጊዜ ብቻ የሚጠይቅ ነገር ነው።

ይህ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚነገር እንዳይመስላችሁ የእኛን አገር የስንዴ ስሞች ልጥራላችሁ። ዳሸን የተባለው ዝርያ በ1988 በሌላው የዋግ ዓይነት፣ በቢጫ ዋግ ወደቀ። እንኮይን በ1993 እና 1994 የግንድ ዋግ ጨረሰው። ኩብሳ የሚባለው አገሩን ሁሉ ሞልቶ ሳለ በ2010 ቢጫ ዋግ ተነሳና በመቶ ሺዎች ሄክታር ላይ ያለ ስንዴ ቢጫ ለበሰ። ገበሬው ተማረረና ወደ ዲገሉ ዞረ፤ ዲገሉ ቢጫ ዋጉን ችሎ ነበርና። ከኡጋንዳ ተነስቶ ዓለምን ያስደነገጠውን ዩጂ 99 የተባለውን የግንድ ዋግም ይቋቋማል ተብሎ ተመስክሮለት ነበር። ዩጂ 99 በ2003 ኢትዮጵያ ገብቷል፤ በ2006 ባሕሩን ተሻግሮ ከበርበራ ማዶ የመን ላይ ታይቷል፤ በቀጣዩ ዓመት ኢራን። ሁሉም ዓይኑን እሱ ላይ ተክሎ ሳለ፣ በ2013 ባሌና አርሲ ውስጥ ከዩጂ 99 ጋር ዘመድ ያልሆነ ሌላ የግንድ ዋግ ዘር መጣና ዲገሉን አጨደው። ገለባ እንጂ ፍሬ ያላገኙ ገበሬዎች ነበሩ። ዲገሉ በዋናነት የተማመነበት አንድ ዘረመል ነበር፤ አዲሱ ዋግ ደግሞ በትክክል የእሱ መፍቻ ነበረው።

ዝርያዎቹን ያወጡትን የቁሉምሳንና የሌሎቹን የምርምር ጣቢያዎች ተመራማሪዎች ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው። ኩብሳም ዲገሉም በዘመናቸው ብዙ ቤት አጥግበዋል። የአምቦ የዕፅዋት ጥበቃ ማዕከል ዋጉን በዘር በዘር እየለየ መከታተሉ፣ ከዚያ በኋላም ኢትዮጵያ ከውጭ አጋሮቿ ጋር ነፋሱን እየተከተለ የዋግን አካሄድ የሚተነብይ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት መዘርጋቷ ትልቅ ሥራ ነው። የእኔ ክርክር ሌላ ነው። ከኮረብታ እስከ ኮረብታ አንድ ዝርያ ብቻ መዝራት፣ ለዋጉ አንድ ቁልፍ ከሠራ የአገሩን በር ሁሉ እንደ መክፈት ነው። ጥፋቱ የዝርያው ሳይሆን የአንድ ዓይነትነቱ ነው።

አባቶቻችን ይህን በላቦራቶሪ አላወቁትም፤ በማሳቸው ግን ኖረውበታል። በትግራይና በኤርትራ ገብስና ስንዴን ቀላቅሎ መዝራት ሐንፌጽ ይባላል። አንዱ ቢመታ አንዱ ይተርፋል፤ ብናኝም ከአንዱ ተነስቶ ጎረቤቱ ላይ ሲያርፍ የማይችለውን ሊያገኝ ይችላል፣ ስርጭቱም ይዳከማል። በቻይና ዩናን ክፍለ ሀገር የሩዝ ገበሬዎች የሚጠቃውን ሩዝ ከሚቋቋመው ጋር አሰባጥረው ሲዘሩ፣ በሚጠቃው ሩዝ ላይ የነበረው ብላስት የሚባለው የፈንገስ በሽታ ለብቻው ከተዘራው ጋር ሲነጻጸር በ94 በመቶ ቀንሶ መገኘቱ በ2000 ታትሟል። እንግዲህ የአያቶቻችሁን ማሳ “ድብልቅልቅ ያለ” ያለ ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

ከሀብታችን ትልቁን ምሳሌ ደግሞ ገብስ ሰጥቶናል። ገብስን የሚያጠቃ፣ ቅጠሉን አመድ የተነሰነሰበት የሚያስመስል ፈንገስ አለ። በ1930ዎቹ መጨረሻ የጀርመን ጉዞ ቡድን ከኢትዮጵያ ደጋ ከሰበሰበው የገበሬ ገብስ መካከል ይህ በሽታ የማይነካው ተገኘ። ሚስጥሩ ብዙ ቆይቶ ተፈታ። ይህ ገብስ የተለየ ጠባቂ ጨምሮ አይደለም የተረፈው። ፈንገሱ ለመግባት የሚጠቀምበት ኤምኤልኦ የሚባል ፕሮቲን በደንብ አይሠራለትም፣ ፈንገሱም መግቢያ ያጣል። ዘረመሉ በአውሮፓ ከ1979 ጀምሮ በቢራ ገብስ ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ ጸንቶ አለ፤ አንድ ዘረመል ይህን ያህል መቆየቱ በሙያው ብርቅ ነው። ሌላ የኢትዮጵያ ገብስ ዘረመል ደግሞ ቢጫ የሚያደርግና የሚያቀጭጭ ቫይረስን በመከላከል የካሊፎርኒያን ገብስ አድኗል። ማን ሰጠ? ማንም አልተጠየቀም። ደጋ ላይ የነበረ አንድ ገበሬ ለልጆቹ ብሎ ያቆየው ዘር ነበር። ኢትዮጵያ የራሷን የዘር ባንክ ያቋቋመችው በ1976 ነው፤ ባንኩን ለብዙ ዓመታት የመሩት መላኩ ወረደ ከገበሬው ጋር ሆነው ዘርን በማሳው ላይ ማቆየትን በማስተማራቸው በ1989 የ“ራይት ላይቭሊሁድ” ሽልማት ተሸልመዋል። የ1984ቱ ድርቅ ገበሬውን ዘሩን እንዲበላ ሲያስገድደው፣ ዘሩ ከመጥፋቱ በፊት ለማትረፍ የተሯሯጡ ሰው ናቸው።

ቡናንም በአጭሩ ላንሳ። የቡና ፍሬ በሽታ ኬንያ ውስጥ በ1922 ታይቶ ኢትዮጵያ የደረሰው በ1971 ነው። እኛ ጋር መድኃኒቱ የተገኘው ጫካ ውስጥ ነው። የጅማ ተመራማሪዎች በሽታው ካወደማቸው ቡናዎች መካከል ቆመው የቀሩትን ዛፎች መረጡ፤ ገበሬው “741”፣ “74110” እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ቡናዎች ስማቸውን ያገኙት ከተመረጡበት ዓመት፣ ከ1974 ነው። በጫካው ውስጥ የተለያየ ቡና ባይኖር ኖሮ የሚመረጥ አልነበረም።

አሁን ወደ ማሽላው ልመለስ፣ ጨርሼ የምሄደውም በእሱ ነው። አቀንጭራ ፈንገስም ባክቴሪያም አይደለም፤ ራሱ አበባ ያለው ተክል ነው። ለማሽላ ግን ከተሕዋስ የከፋ በሽታ ነው። ሐምራዊ አበባው ማሳው ላይ ሲታይ ጉዳቱ ከሥር አልቋል፤ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ሲጠጣ ከርሟል። አንዱ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ ብናኝ የመሰለ ዘር ይጥላል፤ ያም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይበላሽ ይጠብቃል። ምን ይጠብቃል? የማሽላ ሥር የሚያንጠባጥበውን ኬሚካል። ማሽላው ያንን ኬሚካል የሚልከው ለአቀንጭራው ብሎ አይደለም። ፎስፈረስ ሲያጥረው ከሥሩ ጋር ተባብረው የሚመግቡትን የአፈር ፈንገሶች ለመጥራት ነው። አቀንጭራው ግን የሰው ጥሪ ሰምቶ ይመጣል። አፈሩ በደኸየ ቁጥር ማሽላው ይበልጥ ይጣራል፣ አቀንጭራውም ይበልጥ ይበቅላል። ደሃ መሬት ላይ የሚበረታው ለዚህ ነው።

ይህን ሰንሰለት የበጠሱት የወሎንኮሚው ልጅ፣ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው። በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ለአቀንጭራ ጥሪ የማያሰሙ የማሽላ ዝርያዎችን ፈልገው አዳቀሉ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙትም በዚህና በሌላ የማሽላ ሥራቸው ነው። ጎብዬና አብሺር የተባሉ ዝርያዎች ከዚያ ሥራ ወጥተው ለኢትዮጵያ ገበሬ ደርሰዋል። የቅርብ ጊዜ ምርምር የጨመረው አስደናቂ ነገር አለ። ከእነዚህ ማሽላዎች አንዳንዶቹ ጥሪያቸውን አላቆሙም፤ የጥሪውን ኬሚካል ቅርጽ ቀይረውታል። አጋር ፈንገሶቹ ይሰሙታል፤ አቀንጭራው ግን በደንብ አይሰማውም። ይህም ቢሆን ብቻውን አይበቃም፤ አቀንጭራው አበባ ሳያወጣ መንቀልና መሬቱን በፍግ ማጠንከር አብሮ ይሄዳል።

እንግዲህ ከዚህ ወጥታችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ከእናንተ በገብሌይ ማሳዎች የምትሠሩ አላችሁ። አረማሞ የያዘውን የማሽላ ራስ ስታዩ ከረጢቱ ሳይፈነዳ በጥንቃቄ ቆርጣችሁ ጆንያ ውስጥ ክተቱትና ከማሳው ውጭ አቃጥሉት፤ ለአሠሪያችሁም ለምን እንደሆነ ንገሩት። አገር ቤት ወላጆች ያሏችሁ ደግሞ ለዘር መግዣ ገንዘብ ስትልኩ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። “የዝርያው ስም ማነው? ከወጣ ስንት ዓመት ሆነው? ጎረቤቱ ሁሉ እሱን ብቻ ነው ወይ የዘራው?” በሉ። መልሱ “አዎ፣ ሁሉም እሱን ነው” ከሆነ፣ የማሳው አንድ ጥግ ላይ ሌላ ይዝሩ። የአባታችሁን ነባር ማሽላና ገብስ ምርቱ አነሰ ብለው እስከ መጨረሻው ፍሬ አይሽጡት፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ቁና ይቆይ፣ በየሁለት ሦስት ዓመቱም እየተዘራ ይታደስ። ይህን ዛሬ ማታ ስልክ ስትደውሉ ንገሯቸው።